ከአሥራ ሁለት ቤት የመጣ ቡና፦ የልጄን 15ኛ ልደት በጅማ ያከበርንበት ቀን

በ2016 ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት እዚሁ ጅማ አንድ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ተከራየሁላት። ፊኛው፣ የተቀጠረው ሙዚቃ አጫዋች፣ ባለሦስት ደረጃ ኬኩ፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። 28,000 ብር ወጣ። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ሲነካኩ ዋሉ፤ መሀል ገብተው የጨፈሩት የእኔ የሥራ ባልደረቦችና የባለቤቴ እኅቶች ናቸው። ማታ «እንዴት ነበር?» ብላት «ጥሩ ነበር እማዬ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሰው ቤት ያልጣማትን ወጥ እንደ ምንም በልታ ስትጨርስ የምታወጣው ድምፅ ነው።

በ2017 ጥር ላይ እንደገና ማቀድ ጀመርኩ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሠንጠረዥ ያልተሠራለት ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ሥራውን ዘረዘርኩ፣ በየሥራው ትይዩ ኃላፊውን ጻፍኩ፣ ወጪውን ደመርኩ፣ ከዚያ ለልጄ አሳየኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችና «የእኔ ስም የት አለ?» አለች። አልነበረም። የእኔ፣ የአባቷ፣ የአጎቷ፣ የእናቴ፣ የኬክ ቤቱም ጭምር ስም አለ፤ የባለ ልደቷ የለም። ወረቀቱን ሰጠኋትና «እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ወጪው ግን ከ9,000 ብር አይበልጥም» አልኳት። የሆነውን የምጽፈው የዚህ ዕድሜ ልጅ ያላችሁ እኔ የደከምኩበትን እንዳትደክሙበት ነው።

ለእኔ የቀሩት ልጆች ሊፈቷቸው የማይችሏቸው ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀኑ ነበር። ልጄ የተወለደችው የካቲት 23፣ በዓድዋ በዓል ነው። ትምህርት ስለማይኖር ሌላ ዓመት ቢሆን ምቹ ቀን ነው። በ2017 ግን ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃዋ ከታየች በዚያው ሳምንት መጨረሻ ይጀምራል። ከጓደኞቿ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ጅማ ላይ ያደገ ልጅ ጓደኞቹ ከዚህ ብዙ አይለዩም። በዕለቱ ብናከብረው ግማሹ እንግዳ ውኃ እንኳ የማይቀምስበት፣ ግማሹ ኬኩን አይቶ የሚመለስበት ልደት ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ይሁን ካልን ደግሞ ሁለት ወር ሊጠጋ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት አመጣነውና ቅዳሜ የካቲት 15 አደረግነው። ልጄ «ሳይሞላኝ ልደት ይከበራል እንዴ?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈች። ነገሩን የዘጋችው እናቴ ናት። «እኔ የተወለድኩት በቡና ለቀማ ነው፤ ቀኑን የነገረኝ ሰው የለም። ቡና በተለቀመ ቁጥር አንድ ዓመት እጨምራለሁ። አንቺ በስምንት ቀን ትጣያለሽ?»

ሁለተኛው የሰው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ የረዳን ባጃጅ ነው፤ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነውና። አራት ባጃጅ አሥራ ሁለት ልጅ፤ ልጄ ስትቀነስ አሥራ አንድ እንግዳ። «ለምን እኔን አልጠራሽኝም?» ላለ ሁሉ «ባጃጁ ሞላ» የሚባል መልስ ተገኘ። እኔ የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ልጅ ላስገባ ሞክሬ ነበር። ልጄ «አንድም ቀን አናግራኝ አታውቅም» ብላ እምቢ አለች፤ ወረቀቱ የእሷ ስለሆነ ዝም አልኩ። ባልደረባዬ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈገችኝ። ከፈልኩት።

ሦስተኛው የወላጆች ፈቃድ ነው፤ ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው። ልጆች «እናቴ ፈቅዳለች» ሲሉ አትመኑ። «አላውቅም፣ እናያለን» የሚለውን ፈቃድ ብለው ይተረጉሙታል። አሥራ አንዱም ቤት ራሴ ደወልኩ። ጥያቄው ከቤት ቤት አልተለወጠም፤ የት ነው፣ ወንዶች አሉ ወይ፣ ስንት ሰዓት ይመለሳሉ። አራት ወንዶች መኖራቸውን ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ ስማቸውን፣ የማን ልጆች እንደሆኑም ጭምር። አንዲት እናት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉና «እርስዎ ቤት ውስጥ ይኖራሉ?» አሉኝ። «ከበሩ አልርቅም» አልኳቸው። «እንግዲያው ልጄ ልጅዎ ናት» አሉ። ሁሉንም ልጅ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤቱ እንደማደርስ ቃል ገባሁ። ሰዓቱን የመረጥኩት አስቤበት ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሙስሊሞቹም መግሪብን ቤታቸው ይደርሱበታል።

ስለ ስጦታ ልጄ ራሷ የወሰነችው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ከጓደኞቿ መካከል ለስጦታ ብር የማይተርፋቸው እንዳሉ ታውቃለች፤ ባዶ እጁን የሚመጣ ልጅ ደግሞ ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። ስለዚህ «ስጦታ የለም፤ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና ይዛችሁ ኑ» አለቻቸው። ጅማ ውስጥ አንድ ሲኒ ቡና የሚያጣ ቤት አይገኝም ማለት ይቻላል፤ የመጣውም ማን ምን አመጣ አያሰኝም። ቢያንስ እንዲህ አስበን ነበር።

ምግቡ ላይ ሥጋ አልገባም። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ አሠርቶ፣ ድስቱንና ጭልፋውን ለይቶ፣ ልጆቹንም ሁለት ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብዙ ሰርግ ላይ የሚደረግ ነው። አሥራ ሁለት ጓደኛሞችን በልደት ቀን ለሁለት መክፈል ግን አንጀቴ አልቆረጠም። ጨጨብሳ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እናቴ የደፋችው ድፎ ዳቦ፤ በቃ። ጨጨብሳውን ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩት ልጄ ወረቀቱ ላይ ጽፋለች። እኔ «የተራበ ልጅ ምግብ ሠርቶ እስኪበላ አይጠብቅም» ብዬ ተከራክሬ ተሸንፌ ነበር። ደግነቱ ተሸነፍኩ።

በዕለቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፈረንጅ አራዳ ካለው ቤታችን ተነሥተው ወደ ጅሬን ወጡ፤ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ መጨረሻው አቀበት አለው። ሐሳቡ የመጣው ክርክር ካለበት ውይይት ነው። አንዱ ወንድ ልጅ ቦዬ ሄደን ጉማሬ እንይ ብሎ ነበር፤ አሥራ ሁለት ልጅ ይዞ ጉማሬ ያለበት ውኃ ዳር መቆም የሚታሰብ አይደለምና ወረቀቱ ላይ ጣልቃ የገባሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው። በባጃጅ ውጡና በእግር ውረዱ አልኳቸው፤ እነሱ በእግር ወጥተው በባጃጅ እንወርዳለን አሉ። አጎቷ ሃምሳ እርምጃ ያህል ከኋላቸው ይከተል ነበር። ይህ ርቀት በድርድር የተገኘ ነው፤ ከዚያ ከቀረበ «ጠባቂ» ይሆናል፣ ከዚያ ከራቀ ደግሞ እኔ አልተኛም።

የጉዞውን ነገር አጎቷ ከነገረኝ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ሁለት ልጆች ለፎቶ ብለው አዲስ ጫማ አድርገው ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ተረከዛቸው ተላጠ። ለእያንዳንዱ ልጅ ፕላስተር የጫንኩበት ቦርሳ እዚያ ተባረከ። ቆሎና ውኃ ይዘዋል። እላይ ሲደርሱ አንዷ ልጅ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ተናገረች፤ ተራዋ ነበር፣ አጥንታ መጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነግሠው እስከ 1932 መግዛታቸውን፣ ለምኒልክም በጦርነት ሳይሆን በስምምነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ማትረፋቸውን ነገረቻቸው። ከዚያ ጉዳዩ «በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስምንት ዓመት አገር ቢሰጣችሁ መጀመሪያ ምን ትሠራላችሁ?» ወደሚል ጨዋታ ተለወጠ። የሂሳብ ትምህርትን ያስቀሩት ሦስት ናቸው ተባልኩ፤ በእኔ ቤት! እናንተም ወደዚያ ልትወስዷቸው ካሰባችሁ ቤተ መንግሥቱ በዕለቱ ለጎብኚ ክፍት መሆኑንና የመግቢያውን ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወደ ታች የሚመልሷችሁን ባጃጆችም ቀጥራችሁ ውጡ፣ እላይ እንደ መርካቶ አይንጋጉም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አቧራ ለብሰው፣ እየተሳሳቁ ገቡ። አንዱን መኝታ ቤት አስለቅቄ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ውኃ በጆግ አስቀምጬ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ዙህር የሚሰግዱት ገብተው ሰገዱ፤ ሌሎቹ እስከዚያ እጃቸውን ታጠቡ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ያቺ «እርስዎ ቤት ውስጥ ይኖራሉ?» ያሉኝ እናት በኋላ ደውለው ያመሰገኑኝ ስለ ሌላ ሳይሆን ስለዚህች ክፍል ነው።

ቂጣውን የጋገሩት ሴቶቹ አይደሉም። ልጄ ወረቀቱ ላይ ወንዶቹን ምጣድ ላይ መድባቸዋለች። የመጀመሪያው ቂጣ የኢትዮጵያን ካርታ መሰለ፤ ሁለተኛው አረረ፤ ሦስተኛው ቂጣ ሆነ። ትኩሱን ቂጣ እየቆራረሱ፣ ጣታቸውን እፍ እፍ እያሉ፣ በርበሬውንና ቅቤውን ሲያሹ አንዱ ልጅ በርበሬ በነካ እጁ ዓይኑን አሸ። ጩኸቱ ለጎረቤት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ያንን ጨጨብሳ የሚያማ አልተገኘም፤ እኔ እንደ ሆቴል ምግብ አቅርቤው ቢሆን ግን «ቅቤው በዛ» የሚል ይኖር ነበር።

የቀኑ እምብርት ቡናው ነው። ልጆቹ ያመጡትን አንድ ሰፌድ ላይ ዘረገፉት። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አንዱ ቤት የታጠበ ቡና ነው የሰጠው፤ ሌላው ከነገለባው ደርቆ የተፈለፈለ፤ አንዱ ያለፈው ዓመት ነው መሰለኝ ነጥቶ ነበር፤ አንዲቷ ልጅ ደግሞ ያመጣችው ጀንፈል ነው፣ ጨርሶ ያልተፈለፈለ። ልጅቷ አፈረች። እናቴ ቀና ብላ «ቡና የያዘችው እሷ ናት፤ እናንተ የያዛችሁት የሰው ድካም ነው» አለችና ሙቀጫ አስመጣች። ተራ በተራ ወቀጡት፣ ገለባውን አነፈሱት። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የቀኑ ባለቤት ያቺ ልጅ ሆነች፤ ማንም ሙቀጫውን ካለ እሷ ፈቃድ አይነካም ነበር።

እናቴ አስጠንቅቃለች፤ «ይህ አንድ ላይ አይቆላም፣ እርጥበቱ አይመሳሰልም።» ልጆቹ ግን ሐሳቡ መቀላቀሉ ነው ብለው በአንድ ምጣድ ቆሉት። አንዱ ፍሬ ተንጣጥቶ ሲጠቁር አጠገቡ ያለው ገና እንደ ገብስ ቆሎ ቢጫ ነው። ቄጠማው ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ፈንዲሻው ዞረ፣ አቦሉ ተቀዳ። መራራ ነበር፤ ከመራራነቱም በላይ የጥሬ ባቄላ ሽታ ነበረው። አንዱ ልጅ ፉት ብሎ «ይህ የማን ቤት ነው?» ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «የአንተ!» አሉት። አንድም ሲኒ ሳይጠጣ አልተመለሰም፤ ስኳሩ ግን አለቀ። ሲኒ ስላልበቃን ከጎረቤት መዋሳችንን በዚሁ ልጠቁማችሁ፤ ቀድማችሁ ቁጠሩ።

ልጄ ለአቦሉ፣ ለቶናውና ለበረካው የየራሱ ጨዋታ መድባ ነበር፤ የአቦሉን ብቻ ተጫወቱት። በቶናው እናቴ «እንቆቅልሽ» አለች፤ ልጆቹም «ምን አውቅልሽ» ሊሉ ሲሉ አንዱ «ለእማማ "አውቅልሽ" ይባላል ወይስ "አውቅልዎ"?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ ላይ ብቻ አሥር ደቂቃ ተከራከሩ። ከዚያ አልቻሏትም። ባላወቁ ቁጥር «አገር ስጡኝ» ትላለች፤ ድሬዳዋን ወሰደች፣ አዲስ አበባን ወሰደች፣ ዱባይንም ወሰደች። ዱባይ የት እንዳለ ጠይቃ፣ ሞቃት መሆኑ ሲነገራት ልትመልሰው ፈልጋ ነበር። በመጨረሻ ያ ዓይኑን በበርበሬ ያሸው ልጅ ራሱ የፈጠረውን አመጣ፦ «አረንጓዴ ተወለደ፣ ቀይ ለብሶ ጎረመሰ፣ ጥቁር ሆኖ ጭቃ ቤት ተቀበረ።» እናቴ አሰበች፣ አሰበች። ጀበናውን በእጇ ይዛ አላወቀችውም። «ቡና!» ሲላት ራሷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አገር ይስጡኝ» ሲላት ድሬዳዋንም አዲስ አበባንም መለሰች፤ ጅማን ሲጠይቃት ግን «እሷን ቡናው ራሱ ይስጥህ» ብላ እምቢ አለች።

መብራት በመካከሉ አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ሌሊቱን ቻርጅ ስላደረግነው ነገሬ ያለው የለም።

የኬኩ ጥፋት ግን የእኔ ነው። ኬኩን ከኬክ ቤት ማምጣት በሠንጠረዡ ላይ በስሜ ከቀሩት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነበር። ሁለት ኪሎ፣ ነጭ፣ ላዩ ላይ ስሟና «15» የተጻፈበት። ባጃጁ ወለል ላይ አስቀመጥኩትና በሁለት እግሬ ደገፍኩት። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ «እትዬ፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙት» አለኝ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ተነጠርን። ካርቶኑን ቤት ስከፍተው ኬኩ ወደ አንድ ጎን ተንዶ፣ ስሟ ክዳኑ ላይ ተገልብጦ ተለጥፏል። ማልቀስ ቃጣኝ። ልጄ ግን አየችው፣ ጓደኞቿን ጠራች፣ የተናደውን በቢላ አቃኑት፣ የተላጠውን ሁሉ በፈንዲሻ ሸፈኑት። ለስም ቦታ ስላልነበረ ከላይ በቡና ፍሬ «15» ብለው ጻፉ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ዘፈኑላት፣ ሻማው ጠፋ፣ እናቴ ከጎን ድፎዋን ባረከች። ኬክ በባጃጅ ከጫናችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ መንገዱ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ቁራጭ መንገድ በእግር ሂዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራቱ ባጃጆች በር ላይ ቆሙ። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ በሰፈር ለይቼ ጽፌ ነበር፤ ይህ ሠንጠረዥ ተወዳጅ ባይሆንም አስፈላጊ ነበር። አጎቷ በመጨረሻው ተሳፍሮ ሩቅ ያሉትን አደረሰ። ለእያንዳንዱ ቤት ልጁ እንደደረሰ ደውዬ አረጋገጥኩ። ወጪው ባጃጁ፣ ኬኩ፣ ቅቤው፣ ለስላሳው፣ ሁሉም ተደምሮ ከ9,000 ብር ትንሽ ዝቅ አለ።

ዳግመኛ ባደርገው ሁለት ነገር እለውጣለሁ። ጉዞውና ቤቱ በአንድ ቀን በዝቷል፤ ሁለት ልጆች በረካው ሳይደርስ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሌላው ፎቶ ነው። ልጄ ፎቶ አንሺ የሚል ሥራ ለማንም አልሰጠችም፤ ሁሉም አነሣ፣ ስለዚህም አሥራ ሁለቱ አንድ ላይ ያሉበት ፎቶ አንድ እንኳ የለም። አንድ ትልቅ ሰው በአንዷ ደቂቃ ብቻ ጣልቃ ቢገባ ይበቃ ነበር። አጎቷን ባዝዘው ምን ነበረበት?

እሑድ የካቲት 23፣ ትክክለኛው ቀን ሲደርስ፣ ቤታችን የጾም ነበር። ከቅዳሴ መልስ እናቴ የተረፈውን የልጆቹን ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ አፍስሳ፣ ፍሬ በፍሬ ለየችው፤ የታጠበውን ለብቻ፣ የነጣውን ለብቻ፣ የጀንፈሉን ለብቻ። እያንዳንዱን በየእርጥበቱ ለየብቻ ቆላችው። ልጄ የመጀመሪያውን ሲኒ ቀመሰችና አያቷን ቀና ብላ አየቻት፤ «ይህኛው የማን ቤት ነው?» እናቴ የተለቀመውን ገለባ እየጠረገች «ያቺ ያፈረችው» አለች። ልጄ ስልኳን አንሥታ ደወለችላት።